የጨርቋን አይጥ ከወለሉ ያንሷት፦ ስለ ካትኒፕ ለጠየቁን

«ሁለት ድመቶች አሉኝ። ነብሮ የሦስት ዓመት ወንድ፣ ሚሚ የሁለት ዓመት ሴት ናት። ከሁለት ወር በፊት ካትኒፕ የሚባለው ድመት የሚያስፈነጥዝ ደረቅ ቅጠል የተሞላች የጨርቅ አይጥ ገዛሁላቸው። ነብሮ የመጀመሪያ ቀን ጨርቁን የጣለ ነበር የመሰለኝ። ፊቱን አሻሸባት፣ ለሃጩን አዝረበረበ፣ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ልደባብሰው እጄን ስሰድ ነከሰኝ። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ደግሞ ትቷት ሄደ። ሚሚ አንድ ጊዜ አሸተተቻትና በቃት። አይጧ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎን ወለል ላይ ነው ያለችው፤ አሁን ነብሮም ረግጧት ያልፋል። ታናሽ እህቴ ‹ድመቶቹን ሱስ ልታስይዢያቸው ነው› እያለች ትቆጣኛለች። እውነት ሱስ ያስይዛል? ነብሮን ምን ነካው? ሚሚስ ምን ጎደላት? ተክሉን ራሴ ባበቅለውስ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

በመጀመሪያ አይጧን ከወለሉ ያንሷትና ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ ይክተቷት። ከጻፉልን ነገር ሁሉ መስተካከል ያለበት እሱ ብቻ ነው። ነብሮ ጤነኛ ነው፣ ሚሚም ምንም አልጎደላትም። በሁለት ወር ውስጥ ያለቀው ካትኒፑ ነው።

ነገሩ ግልጽ የሚሆነው ካትኒፕ ድመት ውስጥ በየት በኩል እንደሚገባ ሲታወቅ ነው። ተክሉ የናና ዘመድ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ኔፔታ ካታሪያ ይባላል። ቅጠሉን ገልብጠው በማጉያ መነጽር ቢያዩት ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ተሰግስገውበታል። ዘይቱ ውስጥ ያለው ዋናው ንጥረ ነገር ኔፔታላክቶን ነው። ተክሉ ይህን የሚያመርተው ለድመት ብሎ ሳይሆን ቅጠሉን ከሚበሉ ነፍሳት ራሱን ለመከላከል ነው። ቅጠሉ ሲታሽ ወይም ሲነከስ ከረጢቶቹ ይፈነዱና ዘይቱ ይተናል፤ ድመቷ የምታገኘው በአፍንጫዋ ነው። ሆድ እዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም። ነብሮ አይጧን ቢያኝክም ርቦት ሳይሆን ተጨማሪ ሽታ ለማውጣት ነው፤ ሰው ቅጠል በጣቶቹ መካከል አሽቶ እንደሚያሸት ማለት ነው።

ከአፍንጫ በኋላ ያለው በጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ታይቷል። ሥራቸው በአብዛኛው ሲልቨር ቫይን በሚባለው፣ ድመትን እንደ ካትኒፕ በሚያስፈነጥዝ ሌላ ተክል ላይ ነበር። ድመቶቹ ሽታውን ካገኙ ከ5 ደቂቃ በኋላ ደማቸው ውስጥ ያለው ቤታ ኢንዶርፊን፣ ማለትም አካል ራሱ የሚያመርተው የደስታ ንጥረ ነገር፣ ጨምሮ ተገኘ። የኢንዶርፊንን መቀበያ የሚዘጋው ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት ቀድሞ ሲሰጣቸው ግን ማሻሸቱም መንከባለሉም ቀነሰ። ስለዚህ ቅጠሉ ደስታን ከውጭ አያስገባም፤ የድመቷ አካል የራሱን ኢንዶርፊን እንዲለቅ ያደርጋል እንጂ። እነዚያው ተመራማሪዎች ሌላም ነገር አይተዋል፤ የተክሉ ንጥረ ነገር የተቀባበት የድመት ፊት ላይ የሚያርፉት ቢምቢዎች አነሱ። ነብሮ ጉንጩንና አገጩን እንደዚያ ሲያሻሽ ሳያውቀው የቢምቢ መከላከያ እየተቀባ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ እህትዎ ጥያቄ እንምጣ። ሱስ አያስይዝም። ሱስ የያዘው ፍጡር መጠኑ እንዲጨመርለት ይፈልጋል፣ ሲያጣ ይታመማል፣ አጠገቡ ካለ አይተወውም። ነብሮ ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በገዛ እግሩ ትቶ ሄደ፤ ዛሬ ጭራሽ ይረግጣታል። ማስረጃው ሳሎንዎ ወለል ላይ ነው፤ እህትዎን ጠርተው ያሳዩልን።

የደስታው ዕድሜ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ። ከዚያ ድመቷ ለሽታው ትደነዝዛለች፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ቅጠሉን አፍንጫዋ ላይ ቢያስቀምጡላትም ግድ አይሰጣትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «አልበቃውም» ብሎ ሁለተኛ እፍኝ ይበትናል፤ ያን ጊዜ ድመቷ ወለሉ ላይ ያለውን ከመብላት ሌላ የምታደርግበት ነገር የለም፤ ብዙ ከበላች ደግሞ ታስመልሳለች።

የእርስዎ ቤት ችግር ግን ከዚህ አጭር ድንዛዜ የተለየ ነው። ሁለት ነገሮች ተደርበዋል። አንደኛው፣ አይጧ ቀንና ሌሊት ስለምትሸት ነብሮ ለምዷት የቤቱ ዕቃ ሆናለች። ሁለተኛውና የባሰው፣ ኔፔታላክቶን በባሕርዩ ስለሚተን ሁለት ወር ክፍት አየር ላይ የሰነበተች የጨርቅ አይጥ ውስጥ የሚቀረው ከድርቆሽ ብዙም የማይሻል ነገር ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ስፌቷን ትንሽ ይፍቱና ቆንጠር አድርገው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አሽተው ያሽትቱት። ናናን የሚያስታውስ፣ ትንሽ መረር ያለ ሽታ ከወጣ ሕይወት አለው። አቧራ አቧራ ወይም ድርቆሽ ድርቆሽ ካለ ይጣሉት። ከመጀመሪያውኑ ቅጠሉ አንሶ የተፈጨ ግንድ የበዛበት ከሆነም ይኸው ነው፤ ዘይቱ በብዛት ያለው ቅጠሉና አበባው ላይ ነው። ሲገዙ ግራጫ አረንጓዴ መልክ ያለው፣ ቅጠል ቅጠሉ የሚታይ ይምረጡ፤ ቡናማውንና እንጨት እንጨቱን ይተዉት።

አይጧን እንደገና ለመሙላት ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ስፌት ፈትተው አሮጌውን ያራግፉ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አዲስ ደረቅ ቅጠል ይጨምሩ፣ የቀረውን በንጹሕ ጨርቅ ሞልተው በጥብቅ ይስፉት። መስፋት የማይሆንልዎ ከሆነ የጥጥ ካልሲም ያገለግላል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅጠል ጣቶቹ ጋ ካስገቡ በኋላ በጨርቅ ጠቅጥቀው አፉን ቋጥሩት። እንዲያውም ለነብሮ ካልሲው ይሻላል፤ ምክንያቱን ንክሻው ላይ ስንደርስ እንነግርዎታለን። አዝራር፣ በሙጫ የተለጠፈ ዓይን፣ የተንጠለጠለ ክርና ጥብጣብ ግን አይኑርበት። ድመት በዚያ ስሜት ላይ ሆና የምትነክሰውን አትመርጥም፤ የዋጠችው ክር ደግሞ አንጀቷን ሰብስቦ ለቀዶ ሕክምና ሊዳርጋት ይችላል።

አሰጣጡ እንዲህ ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን። መጠኑ ከግማሽ እስከ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል፣ እርጥብ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል። ከመስጠትዎ በፊት በመዳፍዎ መካከል ይሹት፤ ከረጢቶቹ ካልተሰበሩ ሽታው አይወጣም፤ «ሰጠሁት፣ ምንም አላለም» የሚሉን ብዙዎቹ ሳያሹ የበተኑ ናቸው። መጫወቻም ከሆነ ከላይ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት። ለማጽዳት በሚመች ቦታ፣ ካርቶን ወይም አሮጌ ፎጣ ላይ ያስቀምጡና ሃያ ደቂቃ ጠብቀው ቅጠሉን ጠርገው ይጣሉ፤ መጫወቻውን ወደ ጠርሙሱ ይመልሱ። ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ሁለት ማንኪያ ደረቅ ካትኒፕ ቢቀመጥ መጫወቻዎቹ እስከ ሚቀጥለው ሳምንት ሽታውን እየጠጡ ይቆያሉ። የሚረጨው ዓይነት በአብዛኛው ደከም ያለ ነው፤ በእሱ ብቻ ሞክረው «ድመቴ ካትኒፕ አይወድም» ብለው አይደምድሙ።

ነብሮ ለምን ነከሰ? ክፋት አይደለም። በዚያ ሰዓት ያለ ድመት ስሜቱ ጣሪያ ነክቷል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ፣ እጅዎን ጨምሮ፣ የሚታደን መስሎ ይታየዋል። አንዳንዱ ድመት በካትኒፕ ቀዝቀዝ ይላል፣ ፈዞ ይጋደማል፤ ነብሮ ግን የሚሞቀው ዓይነት ነው። ስለዚህ ካትኒፕ ላይ እያለ አይደባብሱት፣ ሆዱን ሲያሳይዎም «ዳብሺኝ» ማለቱ እንዳይመስልዎ። ይልቅ ከፊት እግሩ እስከ ኋላ እግሩ የሚደርስ ረዘም ያለ ነገር ይስጡት፤ ካልሲው የተሻለ ነው ያልነው ለዚህ ነው። በፊት እግሮቹ ያቅፈዋል፣ ይነክሰዋል፣ በኋላ እግሮቹ ይራገጥበታል፤ እጅዎም ይተርፋል። ሚሚን ደግሞ ለዚያች ግማሽ ሰዓት ሌላ ክፍል ያቆዩልን። እሷ በቀዝቃዛ ልብ፣ እሱ በጋለ ስሜት ሲገናኙ ጠብ የሚጀመረው ከዚህ ነው፤ አንዴ ከተጣሉ ደግሞ ቂሙ ካትኒፑ ካለቀ በኋላም ሊሰነብት ይችላል።

ሚሚን በተመለከተ፣ ለካትኒፕ ግልጽ ምላሽ የሚሰጡት ከሦስት ድመቶች ሁለቱ ያህል ናቸው። ባሕርዩ በዘር እንደሚወረስ ኒል ቶድ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ጽፏል፤ ኋላ የመጡ ጥናቶች ደግሞ ነገሩ በአንድ ዘረመል ብቻ የሚወሰን አለመሆኑን አሳይተዋል። ዕድሜም አለበት፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ያልሞላቸው ግልገሎች አብዛኛውን ጊዜ ዞር ብለው አያዩትም። ሚሚ ሁለት ዓመቷ ስለሆነ ዕድሜ አይደለም። ነብሮ ሲያብድ እያየች ፈርታ ወደኋላ ማለቷ ግን ሊሆን የሚችል ነው፤ የተጨነቀች ድመት አትንከባለልም። ስለዚህ «አትወድም» ከማለትዎ በፊት ለብቻዋ፣ በሯ በተዘጋ ጸጥ ባለ ክፍል፣ አዲስና የታሸ ቅጠል ይስጧትና አሥር ደቂቃ ርቀው ይመልከቷት። በተለያዩ ሳምንታት ሦስት ጊዜ ሞክረው ምንም ካላደረገች ጉዳዩ የዘር ነው፤ አያስጨንቅም። ስትጠብቁም ትልቅ ትርኢት ብቻ አይጠብቁ፤ ደረቷን ዘርግታ ጸጥ ብላ መጋደምም ምላሽ ነው።

ሚሚ በካትኒፕ ባትደሰት ሌላ በር አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ አንድ ጥናት 100 የቤት ድመቶች በአራት ተክሎች ተፈትነው ነበር። ለሲልቨር ቫይን ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ምላሽ ሰጡ፤ ካትኒፕን ችላ ካሉት ውስጥ እንኳ ከአራት ሦስት ያህሉ ወደዱት። ቫለሪያን ለሚባለው ተክል ሥርና ታታሪያን ሃኒሰክል ለሚባለው ቁጥቋጦ እንጨት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ምላሽ ሰጥተዋል። በሲልቨር ቫይን ይጀምሩ። ጃፓኖች ማታታቢ ይሉታል፤ በዱቄትም በእንጨትም ይሸጣል። ከዱቄቱ በቢላ ጫፍ የምትነሳው ቆንጠር ለአንድ ጊዜ ትበቃለች። እንጨቱን የምታኝክ ከሆነ አጠገቧ ሆነው ይጠብቁ፤ ሲሰነጠርና ሲያጥር ይንጠቋት። ቫለሪያን ይሠራል፣ ግን ሽታው ሳምንት ያልታጠበ ካልሲ ነው፤ ቤቱ የእርስዎም ስለሆነ አስቀድመው ይወቁት። ከሃኒሰክል የሚሰጠው እንጨቱ ብቻ ነው፤ ፍሬው መርዛማ ነው።

ጉዳት አለው ወይ ላሉት፣ ጤነኛ ድመት ትንሽ ቅጠል ብትበላ ምንም አትሆንም። ብዙ ከበላች ታስመልሳለች ወይም ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ያልፋል። ትውከቱ ከተደጋገመ ወይም ምግብ ከተወች ወደ እንስሳት ሐኪም ይደውሉ። የሚያስፈራን ቅጠሉ ሳይሆን በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው የተጣራ ዘይት ነው። ጠብታው ውስጥ የብዙ ቅጠል ዘይት ስለተጠራቀመ ድመት ቆዳ ላይም ምግብ ውስጥም አይግባ። እርጉዝ ለሆነች ወይም የሚጥል በሽታ ላለባት ድመት ደግሞ ሐኪም ሳይጠይቁ ካትኒፕ አይስጡ።

ለሃጩ፣ የጀርባ ቆዳው መርገብገቡ፣ ራሱን መነቅነቁ፣ ካለምንም ምክንያት ተነሥቶ መፈርጠጡ ሁሉ የተለመደ ነው። ከሚጥል በሽታ የሚለየው በዚህ ነው፤ ካትኒፕ ላይ ያለ ድመት ሳህን ቢያንኳኩ ጆሮውን ያቀናል፣ በር ሲከፈት ዞር ይላል፣ አካሉ የላላ ነው። አካሉ ከደረቀ፣ እግሮቹ በራሳቸው የሚዋኙ ከመሰሉ፣ ሽንቱ ካመለጠው፣ ቢጠሩት የማይሰማ ከሆነ ግን ካትኒፕ ነው ብለው አይጠብቁ፤ ዕለቱኑ ሐኪም ጋ ይውሰዱት።

ማብቀሉን እኛም እንመክራለን፤ ከራስ ተክል የተቆረጠን የሚስተካከል የለም። ዘሩን ወይም ችግኙን ሲገዙ ኔፔታ ካታሪያ መሆኑን ያረጋግጡ። ለጌጥ የሚተከሉ፣ አበባቸው ሰማያዊ ወይን ጠጅ የሆነ ዘመዶች አሉት፤ ያምራሉ፣ ለድመት ግን ብዙ ጊዜ ደካማ ናቸው። እውነተኛው ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ፣ ጸጉራም ነው፤ አበባው ነጭ ሆኖ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለበት። ዘሩን ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ብቻ አፈር ያልብሱት፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። በተክልና በተክል መካከል 40 ሳንቲሜትር ያህል ይተዉ። ፀሐይ ይወዳል፤ የሚጠላው ውኃ የሚቋጥር አፈር ነው፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ የላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ ያጠጡት። አበባው ዘር ከያዘ ጓሮውን ስለሚወርር ያኔ ሳይደርስ ይቁረጡት።

የሚቆረጠው ማበብ ሲጀምር፣ ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ነው። አምስት ስድስት ዘንግ አንድ ላይ አስረው ጨለማና ነፋሻ ቦታ ቁልቁል ይስቀሉት፤ በእርግጥ ድመት የማይደርስበት ቦታ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ቅጠሉ በእጅ ሲነካ ክርችም ካለ ደርቋል። ለማፋጠን ብለው ምድጃ ውስጥ ካስገቡት ቤቱ ይሸታል፣ ቅጠሉ ግን ባዶ ይቀራል። ቅጠሉን ከዘንጉ ሲያረግፉ አይፍጩት፤ እንዳለ ጠርሙስ ውስጥ ይክተቱትና የሚያሹት በሚሰጡበት ሰዓት ይሁን። ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ ከዚያም በላይ።

አንድ የሚያስቸግርዎ ነገር ነብሮ ራሱ ነው። የድሮ አትክልተኞች የሚያውቁት ነገር አለ፤ በዘር የበቀለውን ካትኒፕ ድመት ብዙ ጊዜ ሳታገኘው ያድጋል፣ ችግኝ ሆኖ የተዛወረው ግን ያኑ ቀን ይደፈጠጣል። ሲዛወር ቅጠሉ ስለሚታሽ ሽታው ጓሮውን ይሞላዋል። ስለዚህ ከተቻለ በቦታው ይዝሩት። ችግኝ ካዛወሩም ያኑ ሰዓት የሽቦ መረብ እንደ ቆብ ይድፉበትና ጠርዙን በድንጋይ ያጥብቁት። ቅጠሉ በመረቡ ቀዳዳ እየወጣ ሲያድግ ነብሮ ከላይ ከላይ እየቀነጠሰ ያሸታል፤ ሊተኛበት ግን አይችልም፣ ሥሩም ሳይነካ ይቀጥላል።